በዕጣ የደረሰኝ ከተማ

ባለፈው ክረምት ዓይኔን ልታከም ደሴ ሄጄ ነበር። ተራ የምንጠብቅበት ክፍል ግድግዳ ላይ አንድ ትልቅ ሥዕል ተሰቅሏል። ውሃ ዳር የቆሙ ቤቶች፣ ጎበጥ ያለ ድልድይ፣ ከድልድዩ ሥር ትንሽ ጀልባ። የልጅ ልጄ ክንዴን ይዛ፣ "እማማ፣ እይው እስኪ፣ እንዴት ያምራል!" አለችኝ። እኔ ወንበሬን አዙሬ ጀርባዬን ሰጠሁት።

"ምነው አንቺ ደግሞ፣ ከሥዕልም ትጣያለሽ?" ብላ ሳቀችብኝ።

እቤት ስንመለስ ነገሩን ከመጀመሪያው አጫወትኳት። ሰምታ ስትጨርስ፣ "ታዲያ አንቺ ምን አጠፋሽ?" አለችኝ። ምንም አላጠፋሁም። የቸገረኝም እሱ ነው። ያጠፋ ሰው ይቅርታ ይጠይቃል፤ እኔ ምን ብዬ ልጠይቅ? ግን አፍራለሁ። ይህን ሁሉ ዓመት አፍሬ ኖሬያለሁ። የተማርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው፤ ቢሆንም እጄ መጻፍ አልረሳምና እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

በዚያ የረሃብ ጊዜ መካነ ሰላም ከተማ ዳር አንድ ባላባት ቤት እሠራ ነበር። ደመወዝ የለኝም፤ የምሠራው ለራሴና እናቴ ጋ ለተውኳቸው ሁለት ልጆቼ ሆድ ነው። ባሌ ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራ ወርዷል፤ ይኑር ይሙት አላውቅም። ማሳችን ወደ አባይ በረሃ ቁልቁል የሚያይ አፋፍ ላይ ስለሆነ ዝናቡ ሲቀር ቀድሞ የነደደው የእኛ ነው። ሣር ጠፍቶ የቤታችንን ክዳን እየመዘዝን ለቀረን አንድ በሬ አበላነው። እሱም ሞተ፤ ክዳኑም ሳሳ።

ባላባቱ ከረሃቡ ጥቂት ቀደም ብለው በሕመም ሞተዋል። ቤቱን የያዙት ሚስታቸው ነበሩ። እሜቴ እንላቸዋለን። ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሴት ናቸው። ሲቆጡ እንኳ የሚቆጡት ቀስ ብለው ነው፤ ያ ደግሞ ከጩኸት ይብሳል።

ከአልጋቸው ፊት ለፊት ባለመስተዋት ሥዕል ተሰቅሏል። ባላባቱ ከአስመራ ገዝተው፣ በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ ከደሴ ወዲህ በበቅሎ ያስመጡት ነው ይባላል። በየሳምንቱ የምወለውለው እኔ ነኝ፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ነገር አውቀዋለሁ። ቤቶቹ እስከ በራቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ናቸው። በእኛ አገር ሰው ቤቱን የሚሠራው ከፍ ካለ ቦታ ላይ ነው፤ ወንዝ ማለት ገደል ለገደል የሚሮጥ፣ በክረምት ከብትና ሰው የሚወስድ ነገር ነው። ውሃ በር ድረስ መጣ ማለት መዓት መጣ ማለት ነው። ስለዚህ ያ ከተማ ጎርፍ የበላው ከተማ ለመሆኑ አንድ ቀን ተጠራጥሬ አላውቅም። ጀልባዋ ላይ ወንድና ሴት አሉ። ሴትዮዋ ራሷን ትከሻው ላይ ጥላለች፤ ልጆቿን ውሃው የወሰደባት መሰለኝ። አንዲት መስኮት ላይ ብቻ መብራት አለ። ያልወጣ ሰው እዚያ ውስጥ አለ እያልኩ እሳቀቅ ነበር። እጄ መስኮቷ ጋ ሲደርስ ቀስ እላለሁ።

ጠዋት ጠዋት በር ላይ ለተሰበሰበው ረሃብተኛ አንድ ድስት የባቄላ ንፍሮ እናወጣለን። ከአንድ ድስት አታልፍም። ከጓሮ ያለው ጎተራ ግን ሞልቷል፤ እህል የምቀዳው እኔ ስለሆንኩ ማንም አይነግረኝም።

"እሜቴ፣ ሁለተኛ ድስት ልጣድ?" አልኳቸው አንድ ቀን።

"የነገውስ?"

"ነገ እኮ እነዚህ ሰዎች አይኖሩም።"

ድስቷም አንድ እንደሆነች ቀረች። ይህን የምጽፈው ኋላ ያሳዘኑኝ ሴት ያኔ ምን እንዳደረጉ እንዳይረሳ ነው። ሚዛን ከያዝኩ በሁለቱም በኩል ነው የምይዘው።

አንድ ቀን ከወግዲ በኩል የመጡ አንዲት አሮጊት፣ ዱላቸውን ተደግፈው፣ በተከፈተው በር ወደ ውስጥ፣ ወደ ሥዕሉ አዩ።

"ያ የምን አገር ነው ልጄ?"

"ጎርፍ የወሰደው ነው እማማ።"

"ያ አላህ! እኛን በጥም፣ እነሱን በውሃ!" አሉና ንፍሯቸውን በአንድ እጃቸው እንደጨበጡ ሌላውን ዘርግተው ዱአ አደረጉላቸው። ለሥዕሉ ሰዎች። እኔም "አሜን" አልኩ፤ በር ላይ ያለው ሰው ሁሉ "አሜን" አለ። እሜቴ ከኋላዬ ቆመው ነበር። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ያኔ ያዘኑ ነበር የመሰለኝ።

ከዚያ ንጉሡ ወረዱ። መሬት ለአራሹ ሆነ፤ ባሌም ከሁመራ በሕይወት ተመለሰ፤ የገበሬ ማኅበር ተቋቋመ። ጎተራው ተከፍቶ እህሉ ለየቤቱ ሲታደል ከፋቿ እኔ ነበርኩ። በዚያ አላፍርም። ዛሬም ክፈቺ ብባል እከፍታለሁ። ቤታቸው የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ተባለ፤ እሳቸው ጓሮ ያለችው የቆርቆሮ ክፍል ተሰጠቻቸው፤ እኔ እተኛባት የነበረችው ክፍል።

የቀረው የቤት ዕቃው ነው። ሊቀመንበሩ የቀድሞ ጭሰኛቸው ነበር፤ ጮክ ብሎ የሚናገር፣ ግን ክፋት የሌለው ሰው። ሁሉን ዕቃ ግቢው ውስጥ አስወጣና ጠራኝ።

"አንቺ ቤቱን ታውቂዋለሽ። ደግሞ እንዳንቺ በድርሻ የሚጨቃጨቅ አገር ላይ የለም። እኩል እኩል አድርገሽ መድቢልን።"

መደብኩ። በእኛ ዘንድ ዕጣ የሚጣለው እንዲህ ነው። ዕቃው በየክምሩ ይመደባል፤ አንዱ ከሌላው እንዳይበልጥ ይጨመርበታል፣ ይቀነስበታል። ከዚያ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ምልክት ያዋጣል፤ ባቄላ፣ አዝራር፣ እሾህ፣ ያገኘውን። ምልክቱ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይናጣል። አውጪው የማን ምልክት ምን እንደሆነ ያላየ ሰው መሆን አለበት፤ ስለዚህ መንገደኛ ይጠራል። መንገደኛው ምልክቶቹን አንድ በአንድ እያወጣ በየክምሩ ላይ ያስቀምጣል። ያንተ ምልክት ያረፈበት ያንተ ነው። አለቀ።

ሥዕሉ ላይ ስንደርስ ሥራው ቆመ። ምን ያህል ይመዝናል? ከምን ጋር ይደመር?

"ከእኔ ክምር አርቂልኝ፤ ጎርፍ ቤቴ አላስገባም!" አለ አንዱ።

"አንተማ ሚስትህ አለች፤ ሌላ ጎርፍ ምን ያደርግልሃል?" አለው ጎረቤቱ፤ ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ሚስቲቱም እዚያው ነበረች፤ "እኔን ዋኝተህ የወጣህ አስመሰልከው!" ብላ መለሰችለት።

በመጨረሻ ትንሹ ክምር ላይ አስቀመጥኩት፤ አንድ ብርድ ልብስና አንድ በርጩማ ካለበት። ከዚያ ሰው ሲቆጠር እሜቴ አልተቆጠሩም። የክፍላቸው ደጃፍ ላይ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመው ያያሉ።

"እሳቸውስ?" አልኩ።

"እሷ ደግሞ ምን ቤት ነች?" አለ ሊቀመንበሩ። "የምንከፋፈለው የሷን አይደል እንዴ?"

"ባላባትነታቸውን ወሰዳችሁ። ደግ። አሁን ምን ቀራቸው? ሲመሽ እንደኔና እንደናንተ ጭስ የሚያጨሱ አንዲት ሴት ናቸው። ጭስ የሚወጣበት ቤት ሁሉ ይቆጠር አላልክም? አንድ ቤት ዘላችሁ የምትጥሉት ዕጣ አይደለም፤ ዝርፊያ ነው።"

"በመጀመሪያ 'እሳቸው' ማለቱን ተይ! አንቱታ ድሮ ቀረ።"

"እሺ፤ እሷ" ልል አፌን ከፈትኩ። አልወጣልኝም። ሰዉ ሳቀብኝ፤ ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለብኝ። ግን ዕጣው ላይ አልለቀቅኩም፤ ጮኼ ጮኼ አስቆጠርኳቸው። ያን ያህል ከጮህኩ አይቀር ብዬ ሌላም ጨመርኩ። ያን ሰሞን መሬት በዕጣ ሲደለደል ጉልበተኞች ድሃውን እያስፈራሩ፣ "ለወጥኩ፣ ተለወጥኩ" እያሉ ደህና ደህናውን ወስደው ነበር። ስለዚህ መሐል ላይ ቆሜ፣ "ከዕጣ በኋላ መለዋወጥ የለም! የተለዋወጠ ሁለቱንም ያጣል!" አልኩ። ሰው ሁሉ "ይሁን!" አለ። ማንም ሳያስገድደኝ፣ በገዛ አፌ ነው ያወጅኩት።

እሜቴ ምልክት አምጡ ሲባሉ እጃቸው ባዶ ነበር። ጎንበስ ብለው ከመሬት ጠጠር ማንሳት አልሆነላቸውም። ከነጠላቸው ጫፍ አንድ ክር መዘዙ፤ ቋጠር አድርገው ሰጡኝ። እኔ የሰባራ ገል አዋጣሁ። የገዛ ሠራተኛቸው ገልና የሳቸው ክር አንድ ጨርቅ ውስጥ ተናጡ።

አውጪ ሆና የተጠራችው ከገበያ ጨው ተሸክማ የምትመለስ አንዲት ሙስሊም ሴት ነች።

"ኧረ ወላሂ እኔን ከምን ውስጥ ነው የምትከቱኝ?"

"አብሽሪ እህቴ፣ እጅሽን ብቻ ነው የፈለግነው።"

አወጣች። የእሜቴ ክር የመዳብ ድስቶቹ ላይ አረፈ። የኔ ገል ብርድ ልብሱ፣ በርጩማውና ሥዕሉ ላይ።

እሜቴ ድስቶቹን ዞር ብለው እንኳ አላዩአቸውም። የሚያዩት ሥዕሉን ነው። ያን ጊዜ ገባኝ። ከዚያ ሁሉ ዕቃ የፈለጉት አንድ ነገር ነበር፤ ከዚያ ሁሉ ሰው ደግሞ ለኔ ደረሰ። ሊቀመንበሩን ዞሬ አየሁት። ምን ልለው ነው? መለዋወጥ የለም ያልኩት እኔ ነኝ። እሳቸው አጠገቤ መጥተው ቀስ ብለው፣ "ስትይዢው በሁለት እጅሽ ያዥው፤ ከላይ በኩል ላላ ይላል" አሉኝና ወደ ክፍላቸው ገቡ።

በሁለት እጄ ይዤ፣ ብርድ ልብሱን ትከሻዬ ላይ፣ በርጩማውን ጀርባዬ ላይ አድርጌ በገበያው መንገድ አለፍኩ። መስተዋቱ ያብለጨልጫል፤ ከሩቅ የማያየኝ የለም። "ጎርፉን ወዴት ልትለቂው ነው?" ይሉኛል። ሌላ ቀን ቢሆን መልስ አላጣም ነበር። ያን ቀን አንገቴን ደፍቼ ሄድኩ። የሰረቅኩ ነው የመሰለኝ። ሰርቄም ቢሆን እንዲያ የማፍር አይመስለኝም።

ባሌ ሲያየው፣ "የሚበላ አልነበረም?" ብሎ ብቻ ግድግዳው ላይ ሚስማር መታልኝ።

ሁለት ሳምንት እንኳ አልቻልኩም። ሥዕሉን በነጠላ ጠቅልዬ ወደ ቆርቆሮዋ ክፍል ሄድኩ።

"እሜቴ፣ ይሄ የርስዎ ነው። ይውሰዱት።"

"የኔ ቢሆን ለኔ በወጣ ነበር።"

"ሰጥቼዎታለሁ።"

"የሰጠሽኝ እንደሆነ ምጽዋት ነው" አሉ። "ምጽዋት ስሰጥ አይተሽኛል። ስቀበል አታይኝም።"

አንድ ድስት ንፍሮ ነው የሰጡት ልላቸው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። ደጋግሜ ብለምናቸው ነጠላቸውን ሳብ አድርገው ተከናነቡ። በመጨረሻ አንድ ነገር መጣልኝ።

"እንግዲያው ሁለታችን እንደገና ዕጣ እንጣል። ሥዕሉ አንድ ክምር፣ ድስቶቹ አንድ ክምር።"

"የከለከልሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?"

"መለዋወጥ ነው የከለከልኩት። ዕጣ መቼ ከለከልኩ?"

ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። "አንቺን ዳኛ ማድረግ ነበር" ብለው ክር መዘዙ። እኔ ባቄላ አመጣሁ። ከምንጭ ውሃ ቀድታ የምታልፍ ሴት ጠርተን፣ እንስራዋን አውርዳ፣ እጇን ጨርቁ ውስጥ አስገባች። በልቤ፣ "ክሩን፣ ክሩን ሥዕሉ ላይ" እላለሁ። ማጭበርበር ይቻል ነበር። ሁለት ክር ብከት ማን ያውቅብኛል? ግን እኔ እንዲያ ያለ ነገር አልችልበትም።

ባቄላው ሥዕሉ ላይ አረፈ።

ሴትዮዋ እንስራዋን ተሸክማ ሄደች። እኔ እንባዬ መጣ። እሜቴ ግን ሳቁ፤ ድምፅ አውጥተው ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

"እግዜርም ላንቺ ፈርዷል! ሁለቴ! በይ ውሰጅው።" ዓይናቸውን ጠርገው ደግሞ፣ "ለመሆኑ ምን ይመስልሻል ይሄ ሥዕል?" አሉኝ።

"ጎርፍ ነዋ። ምስኪኖች። በዚያች ጀልባ ያመለጡት ሁለቱ ብቻ ናቸው።"

"ያኔ በር ላይ አሜን ያልሽላቸው የምርሽን ነበር?"

"የምሬን ነዋ።"

ሳቃቸው ቆመ። ጣታቸውን መስተዋቱ ላይ አኖሩ፤ ውሃው ላይ።

"ጎርፍ አይደለም። እዚያ አገር መንገዱ ውሃ ነው። ሰዉ ገበያም፣ ጸሎትም፣ ዘመድ ጥየቃም የሚሄደው በጀልባ ነው። ቤቶቹም እንደዚያው ነው የተሠሩት፤ ደህና ናቸው። እነዚህ ሁለቱ የትም እየሸሹ አይደለም። ሲመሽ ሊናፈሱ ወጥተው ነው። ባለቤቴ ሲያመጣልኝ እዚህ እወስድሻለሁ ብሎኝ ነበር። እዚህች ጀልባ ላይ አስቀምጥሻለሁ ብሎ..." ቀሪውን አልጨረሱትም። "ያን ቀን በር ላይ ሰዉ ሁሉ አሜን ሲል ፊቴን ያዞርኩት ሳቄ መጥቶ ነው። ወዲያው ደግሞ እሳቸውን አየሁ፤ አሮጊቷን። ንፍሯቸውን እንደያዙ። የምገባበት ጠፋኝ።"

እኔ ለደህና ሰዎች ሳለቅስ በመኖሬ አፈርኩ። እሳቸው ያፈሩት ሌላ ነው፤ እሱን አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ስወጣ፣ "ጥሩ ቦታ ስቀይው። እሁድ እሁድ እያየሁት እሄዳለሁ" አሉኝ። ለጥየቃ መምጣት ምጽዋት አይደለም።

መጡ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይመጣሉ፤ ሁልጊዜ ሰበብ አላቸው። ወንፊት ልዋስ፣ የልጅሽ ሳል እንዴት ሆነ። በርጩማውን ከሥዕሉ ፊት አኖርላቸዋለሁ፤ የገዛ በርጩማቸውን። ባሌ ጎንበስ ብሎ ሰላም ብሎ ይወጣል። እናቴ ካለች ቆሎ ታቀርባለች፤ ጥቂት ፍሬ ያነሳሉ፤ ሌላ አይነኩም። እኔ ቆሜ እቀራለሁ።

"ቁጭ በይ እንጂ፣ ቤትሽ አይደል?" ይሉኛል። እግሬ አይታጠፍልኝም። በየት በኩል ልቀመጥ? ከፊታቸው እንዳልቀመጥ ሥዕሉን እከልላለሁ፤ ከኋላቸው እንዳልሆን ሠራተኛ ልሆን ነው። ምሰሶውን ተደግፌ ጀልባዋን አያለሁ። ካወቅኩ ወዲያ መልኳ ተለወጠብኝ። ሴትዮዋ ራሷን የጣለችው በሐዘን ሳይሆን ደስ ብሏት ነው። ያች መስኮትም መብራቷ የበራው እራት ደርሶ ይሆናል።

ከዚያ የሚፈለገው ዝናብ መጣ። ያን ክረምት ስንት ዓመት የጠበቅነው ውሃ ወረደ፤ ሰዉ ደጅ ወጥቶ ራሱን እያስመታ እልል አለ። እኔም እልል አልኩ። ክዳናችን ግን በረሃቡ ጊዜ ግማሹ ለበሬ የተሰጠ ነው፤ የሚከደንበት ሣር ገና አልበቀለም። ሌሊቱን እህሉንና ልጆቹን ወዲያ ወዲህ ስናሸሽ ሥዕሉን ማን ያስታውሳል? ጠዋት ሳየው ውሃው በመስተዋቱ ውስጥ ገብቶ ወረቀቱ አብጧል፤ ቀለሙ ቁልቁል ፈሷል። ድልድዩ የለም። ጀልባዋ የለችም። ቤቶቹን ውሃው እስከ ጣሪያቸው ውጧቸዋል።

ያን ጊዜ ነው አንድ ቃል ትዝ ያለኝ፤ አደራ። "እሜቴ፣ ድርሻዬን በአደራ ያስቀምጡልኝ" ብላቸው እምቢ አይሉም ነበር። አደራ ምጽዋት አይደለም፤ መለዋወጥም አይደለም፤ የማንንም ዕጣ አያፈርስም። ቆርቆሯቸው ሥር በደረቁ ይኖር ነበር። በድርሻና በዕጣ ስሟገት ይህን የሚያህል የአገሬ ቃል ጠፋኝ። ለማኅበሩ ሙግት አላጣሁም፤ ለሳቸው ግን አንድ ቃል አጣሁ።

እሁድ ሲመጡ ልደብቀው አስቤ ነበር። አልደበቅኩትም። ገብተው አዩት። ብዙ ቆሙ። ዝናብ ያረሰውን ነጠላቸውን አራገፉ፤ ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ፤ ከዚያ እኔን።

"ክዳንሽን ቶሎ አስጠግኚ" አሉኝ። "ልጆች አሉሽ።"

ቢቆጡኝ ምን ነበረ?

እንግዲህ አይመጡም አልኩ። ክፈፉን አውርጄ ጥግ አስቀመጥኩት፤ ግድግዳው ላይ ሚስማሩ ብቻ ቀረ። በሚቀጥለው እሁድ በር ላይ ድምፃቸውን ሰማሁ፤ ወንፊት ልዋስ ይላሉ። ሮጬ በርጩማውን አመጣሁ፤ የት እንደማኖረው ግራ ገብቶኝ መሐል ላይ ቆምኩ። እሳቸው ተቀብለውኝ ራሳቸው አኖሩት፤ በዚያው በድሮው ቦታ፣ ሚስማሩ ፊት ለፊት። ተቀመጡ።

"ቁጭ በይ እንጂ" አሉኝ።

ምሰሶውን ተደግፌ ቆምኩ።